ሂሳቡን መቼ ያሳዩሻል?

አባቴ ዲላ ላይ ቡና አቅራቢ ነበር። ከገበሬው እሸትና ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ይሰበስባል፣ ያዘጋጃል፣ አዲስ አበባ አምጥቶ ለጨረታ ያቀርባል። ልጅ ሳለሁ ቤታችን የጆንያ ሽታ ነበረው። አባቴ ሲኒማ ቤት ገብቶ አያውቅም። ግን የመጀመሪያውን የፊልም ሽያጭ ውሌን በትክክል የተረዳው እሱ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ እኔ ከፈረምኩ በኋላ ሆነ።

ስለዚህ ነገር ልጽፍ ሳስብ ብዙ ጊዜዬ ነው። ዘጋቢ ፊልም የሚሠሩ ልጆች ቢሯችን ይመጣሉ። ስለ ካሜራ ይጠይቁኛል፤ ስለ ፌስቲቫል ይጠይቁኛል። ስለ ውል የሚጠይቀኝ ግን ከስንት አንድ ነው። ስለዚህ የእኔን ልንገራችሁ።

በ2013 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ ውሎቹ ሁሉ በዚያ ስለሆኑ) ሽሮሜዳ አንድ ሸማ ሠሪ ቤት ካሜራ ይዘን ገባን። አባትና ልጅ ናቸው። አባትየው በልጅነታቸው ከዶርዜ የመጡ ናቸው። ልጅየው ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ሲያጣ ተመልሶ ከአባቱ ጎን ቁጭ ያለ ነው። ሸማ ሠሪ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ነው የሚሠራው። የሁለቱ ጉድጓድ ጎን ለጎን ነው። ከበላያቸው ግድግዳው ላይ በሚስማር የተሰቀለ ሬዲዮ አለ። ከጠዋት እስከ ማታ አይዘጋም። ይህን ሬዲዮ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ዓመት ከምናምን ቀረጽን። ኤዲት ተደርጎ 78 ደቂቃ ወጣው። ዳይሬክተሩ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው፣ እኔ ፕሮዲውሰር ነኝ። ፊልሙ አለቀ ብለን ጓደኞቻችንን ሰብስበን ጋበዝን። አለማለቁን ያወቅኩት አምስተርዳም ስሄድ ነው።

ኢድፋ የሚባለው የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል ከ1988 ጀምሮ በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ አምስተርዳም ይካሄዳል። ሕዝቡ ሲኒማ ቤት ገብቶ ፊልም ያያል። ከዚያ ጀርባ ደግሞ ገበያ አለ፤ ዶክስ ፎር ሴል ይሉታል። በ2014 እዚያ ገባሁ። ትንንሽ ስክሪኖች ተደርድረዋል፣ ገዢዎች ጆሮ ማዳመጫ አድርገው ተቀምጠዋል። አንዲት ሴትዮ አጠገቤ አንድ ፊልም ከፈተች። ሦስት ደቂቃ አየች። ወደ መካከሉ ዘለለች። መጨረሻውን ነካ አደረገችና ዘጋችው። አሥር ደቂቃ አልሞላም። የሰው የስንት ዓመት ልፋት ነው። ክፉ ሆና አይደለም፣ በዚያን ቀን ማየት ያለባት ፊልም ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ አይቼዋለሁ፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው።

ፊልም የሚሸጥልን ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ያኔ ነው። ያቺን ሴትዮ በስሟ የሚጠራት፣ ቡና ጋብዞ «ይሄኛውን እስከ መጨረሻው እይልኝ» ሊላት የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩትን በጅምላ አልሰድብም።

አንድ ሻጭ ድርጅት ፊልማችንን ወደደው። ከሁለት ሳምንት በኋላ 14 ገጽ ውል በኢሜይል መጣ። ሁሉም መብት፣ በመላው ዓለም፣ ለሰባት ዓመት። ኮሚሽን 30 ከመቶ። የገበያና የማስታወቂያ ወጪ እስከ 5,000 ዩሮ ድረስ ከሽያጩ የሚነሳ። በሁለተኛው ቀን ፈረምኩ። የሚፈልገን ሰው ተገኘ ብዬ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ለገና ዲላ ወረድኩና ለአባቴ ነገርኩት።

«ፊልሜን ውጭ አገር የሚሸጥልኝ አገኘሁ።»

«ደላላ ነው?»

«ኧረ አይደለም አባዬ፣ ድርጅት ነው።»

«ድርጅትም ቢሆን የሰው ዕቃ የሚሸጥ ደላላ ነው። ደላላ መሆን ነውር የለውም። ስንት ይቆርጣል?»

«ከመቶ ሠላሳ።»

«ወጪውስ በማን ነው?»

«ከሽያጩ ላይ ይነሳል። እስከ አምስት ሺህ ዩሮ።»

ትንሽ ዝም አለ። «የሚቀድመው የቱ ነው? መጀመሪያ ወጪው ተነስቶ ነው ኮሚሽኑ የሚታሰበው ወይስ ኮሚሽኑን ወስደው ነው ወጪውን የሚያነሱት?»

አላውቅም ነበር።

«ሂሳቡን መቼ ያሳዩሻል?»

«በዓመት ሁለት ጊዜ ይላል።»

«ባያሳዩሽስ?»

ውሉ ስለዚያ ምንም አይልም። አባቴ አልተቆጣኝም። «በይ ቡናሽን ጠጪ» አለኝ።

አዲስ አበባ ስመለስ የማስረከቢያ ዝርዝሩ ጠበቀኝ። ፊልም ሲሸጥ ፋይሉ ብቻ አይደለም የሚላከው። የ78 ደቂቃው ማስተር፣ ማለትም ዋናው ቅጂ፣ አለ። ለቴሌቪዥን የሚሆን የ52 ደቂቃ ቅጂ አለ፣ ብዙ ጣቢያዎች የሚፈልጉት ልክ እሱ ስለሆነ። ጽሑፍ የሌለበት ቅጂ አለ፤ እያንዳንዱ አገር በራሱ ቋንቋ እንዲጽፍበት። ንግግሩ ወጥቶ ሌላው ብቻ የቀረበት ድምፅ አለ። እያንዳንዱ ቃል ከነሰከንዱ የተጻፈበት የንግግር ዝርዝር አለ። ፊልሙ ውስጥ ፊቱ የሚታይ ሰው ሁሉ የፈረመበት ወረቀት አለ። ማስተሩ ብቻ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው። ያኔ በነበረን ኢንተርኔት ሦስት ሌሊት ሞክረን አልሄደም። በመጨረሻ ሀርድ ዲስኩን በሰው ላክነው። ቦሌ ድረስ ሄጄ የማላውቀው መንገደኛ እጅ ላይ ሳስቀምጠው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዝርዝሩ ላይ ሌላም ነበር፤ ፊልሙ ውስጥ የሚሰማ ሙዚቃ ሁሉ የተፈቀደበት ማስረጃ። ያ ሬዲዮ።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። 14 ትዕይንት ላይ ዘፈን አለ። ሬዲዮው ነው እንጂ እኛ የጨመርነው አንድም የለም። ግን ለሕጉ ልዩነት የለውም። ለአንድ ዘፈን የግጥሙን ባለቤት፣ የዜማውን ባለቤት፣ ከዚያ ቅጂውን ያሳተመውን ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

የአሥራ ሦስቱን ሳውንድማናችን አዳነን። እግዜር ይስጠው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሬዲዮው ዝም ሲል፣ ማንም ሳያዘው የሽመናውን ድምፅ ብቻውን ሁለት ሰዓት ቀርጾ ነበር። መወርወሪያው ሲሄድ ሲመለስ፣ ከዚያ ማጉ ሲመታ፣ ታች እግራቸው ሲረግጥ። ያንን አልብሰን ዘፈኑን አወጣነው። ንግግርና ዘፈን የተደራረበበትን ደግሞ ቆረጥን።

አሥራ አራተኛው ግን አይወጣም። አባትየው ብቻቸውን ናቸው። ልጅየው ለሥራ ፈተና ወጥቷል። ሬዲዮው ላይ አንድ የድሮ ዘፈን ይመጣል። አባትየው መወርወሪያውን ያቆማሉ። ከዘፋኙ ጋር በቀስታ ያንጎራጉራሉ፣ ሁለት ስንኝ ብቻ። ከዚያ የተበጠሰችውን ድር በምራቃቸው አርጥበው ይቋጥሯታል። መወርወሪያው ይቀጥላል። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። የፊልሙ ልብ እሱ ነበር።

ሻጩ ድርጅት «አስፈቅዱ ወይም ቁረጡ፣ ሦስት ሳምንት አላችሁ» አለን። በሦስት ሳምንት ማንን ፈልጌ ላገኝ ነው? ቆረጥነው።

ሌላም ነገር ነበር። አንድ ነጋዴ መጥቶ ሁለት ነጠላ የሚገዛበት ትዕይንት አለ። ዋጋውን ይሰብራል። አባትየው ነጠላውን እያዩ «ይሁና» ይላሉ። የመጣው ሰብታይትል «እሺ» የሚል ትርጉም ነበረው። ይሁና እሺ አይደለም። ውስጡ ቅሬታም አለ፣ ለእግዜር መተውም አለ። አራት ኢሜይል ተጻጻፍን። በመጨረሻ እዚያ ቦታ ላይ ጽሑፉ ይነሳ፣ ፊታቸው ይናገር አልኩ። እሺ አሉኝ። የዚያን ድርጅት ስም ባልጠራም ይህቺን መልካም ነገራቸውን መተው አልፈልግም።

የመጀመሪያው ሂሳብ በ2015 መጨረሻ መጣ። ሦስት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ገዝተውናል። 3,000፣ 1,500 እና 1,200 ዩሮ። ድምሩ 5,700። ደስ አለኝ። ወረድ ስል ኮሚሽን 1,710 ይላል። ቀሪ 3,990። ወጪ 5,000። ስለዚህ ገና ያልተሸፈነ 1,010 ዩሮ ወጪ አለባችሁ ይላል።

ስልኬን አንስቼ ለአባቴ አነበብኩለት። በቃሉ አሰበው። «ወጪው ቢቀድም ኖሮ ከአምስት ሺህ ሰባት መቶ ሰባት መቶ ይቀራል። ከሰባት መቶ ሠላሳ በመቶ ሁለት መቶ አሥር ነው። አራት መቶ ዘጠና ለአንቺ ይደርስሽ ነበር።» ውሉ ላይ ያለች አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። የእሷ ቦታ 1,500 ዩሮ አሳጣን።

ከዚያ በኋላ አንድ ሂሳብ ብቻ መጣ። ከ2017 ጀምሮ ድምፃቸው ጠፋ። ኢሜይል እልካለሁ፣ መልስ የለም። የማውቃት ሠራተኛም ለቃለች።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። የሽሮሜዳ ወጣቶች መጡና «ፊልሙን ለሰፈሩ አሳዩን እንጂ» አሉን። ውሉ መላው ዓለም ይላል። ሽሮሜዳ መላው ዓለም ውስጥ ናት። ፈቃድ ጠየቅኩ፣ መልስ የለም። ውል ላፍርስ ብዬ ፈራሁ። አላሳየሁም። አባትየው መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ልጄ፣ ያ ነገር የት ደረሰ?» ይሉኛል። የት እንደደረሰ እኔም አላውቅም ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ሌሎች እንዴት እንዳደረጉ ማጥናት ጀመርኩ። መጀመሪያ ያየሁት ስለ ቡናችን የተሠራውን «ብላክ ጎልድ» የሚባለውን ፊልም ነው። ሁለት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች፣ ማርክና ኒክ ፍራንሲስ፣ የሠሩት ነው። በ2006 አሜሪካ፣ ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ ታየ። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንን ይመሩ የነበሩትን አቶ ታደሰ መስቀላን እየተከተለ ቡናው ከገበሬው እጅ እስከ ውጭ አገር ሲኒ ድረስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ያሳያል። ከአባቴ ጋር ነው ያየሁት። አንዴም አልተነሳም። «ሰውዬው ጥያቄውን ያውቃል» አለኝ ሲያልቅ። እኔ ደግሞ የፊልሙን መንገድ አየሁ። እንግሊዝ ውስጥ ያከፋፈለው በ2004 የተቋቋመው ዶግውፍ ነው። አሜሪካ ውስጥ ካሊፎርኒያ ኒውስሪል ነው፤ ከ1968 ጀምሮ ያለ፣ ፊልም ለዩኒቨርሲቲና ለቤተ መጻሕፍት የሚያደርስ። ሁሉም በአንድ እጅ አልነበረም። ቦታ ቦታውን ለሚያውቀው ሰው ነው የተሰጠው።

ሁለተኛው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። «ሳንኮፋ» የሚባለው ፊልማቸው ዘጋቢ ፊልም አይደለም፣ ልብ ወለድ ነው። ግን ለእኔ የስርጭት ትምህርት ቤት እሱ ነው። በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ተወዳድሯል። አሜሪካ ውስጥ ግን የሚያከፋፍለው ጠፋ። ከባለቤታቸው ከሺሪኪያና አይና ጋር ሆነው ሲኒማ ቤት በራሳቸው ተከራዩ። ዋሽንግተን ላይ ጀመሩ፣ ከዚያ የየከተማው ሰው እየጠራቸው ከተማ ከከተማ ዞሩ። በኋላ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የመጻሕፍትና የቪዲዮ ቤት ከፈቱ። በ1999 ስለ አድዋ ዘጋቢ ፊልም ሠሩ። እና በ2021፣ ከ28 ዓመት በኋላ፣ «ሳንኮፋ» ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስባለሁ። ያ ፊልም መጀመሪያ በመጣ ሰው እጅ ለዘላለም ተላልፎ ቢሆን ኖሮ ማን ያድሰው ነበር?

የእኛ ውል በ2021 መጨረሻ አለቀ። የሰባት ዓመቱ ቀን እስኪደርስ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጌ ነበር። መብታችን መመለሱን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ በ30 ቀን መልስ ካልመጣ እንደተስማሙ እቆጥራለሁ አልኩ። መልስ አልመጣም። ሀያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን የራሳችንን ድርጅት ከፈትን። አራት ነን። እንሠራለን፣ እንሸጣለን፣ እናከፋፍላለን። የእኛን ሁለት ፊልሞችና የሌሎች ሰዎችን ስድስት ይዘናል።

ከፊልም ሠሪ ጋር የምንፈርመው ውል አራት ገጽ ነው፣ በአማርኛም አለ። አባቴ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነው ያረቀቅነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሦስት ዓመት ብቻ። ኮሚሽን 25 ከመቶ። ወጪው ይቀድማል፣ ከነደረሰኙ። ሂሳብ በየጁኑና በየዲሴምበሩ ይላካል፤ ምንም ባይሸጥ ዜሮ ብለን እንልካለን። ሁለት ጊዜ ካልላክን ውሉ በራሱ ጊዜ ይፈርሳል። ኢትዮጵያ ደግሞ ሁልጊዜ የፊልም ሠሪው ናት። የገዛ እናቱን ሰፈር ለማሳየት ማንንም አያስፈቅድም።

«ለምን ዩቲዩብ ላይ አትጭኑትም?» የሚሉን ብዙ ናቸው። አንድ ቀን እንጭነው ይሆናል። ግን ቴሌቪዥን ጣቢያ የሚገዛው በአገሩ ማንም ያላሳየውን ነው። ነፃ የወጣ ፊልም የሚከፍል ገዢ አያገኝም። በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ፌስቲቫል፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲዎች። ዩኒቨርሲቲ ቀስ ብሎ ነው የሚገዛው፣ ግን ቋሚ ነው። አንድ የጨርቃ ጨርቅ ታሪክ የምታስተምር መምህርት ፊልማችንን በየዓመቱ ለተማሪዎቿ ታሳያለች።

የእኛን ሰው ደግሞ ማንም ሻጭ ድርጅት ዝርዝሩ ውስጥ አያስገባውም። ባለፈው ዓመት አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ አዳራሽ ተከራየን። ትኬቱን የሸጡልን የአበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ናቸው፣ 15 ዶላር። 140 ሰው መጣ። 2,100 ዶላር ነው። አዳራሹ 500 ወሰደ። 1,600 በአንድ ምሽት፣ በሰባት ዓመት ምንም ላልደረሰው ፊልም። ነጠላ ለብሰው የመጡ እናቶች ነበሩ። ፊልሙ ውስጥ አባትየው «ይሁና» ሲሉ አዳራሹ በሙሉ «እ-ህ» አለ። እዚያ ሰብታይትል አላስፈለገም።

አሁን ወደ ዘፈኑ። መብታችን እንደተመለሰ መጀመሪያ ያደረግነው እሱን መፈለግ ነው። በእኛ አገር ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ መብቱ ደራሲው በሕይወት ሳለ የራሱ ነው፣ ከሞተ በኋላ ደግሞ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። የግጥሙ ደራሲ አርፈዋል። ልጃቸውን ጎፋ አገኘናት። ቡና አፈላችልን። ላፕቶፕ ከፍቼ ትዕይንቱን አሳየኋት። አባትየው ሲያንጎራጉሩ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ቃሉን ቀይረውታል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አንድ ቃል ስተዋል። ደጋግማ አየችው። ትንሽ ገንዘብ ተስማማን፣ ፈረመች። የዜማው ደራሲ ውጭ አገር ናቸው፣ በስልክ ጨረስን። ሙዚቃ ቤቱ ተዘግቷል፤ የባለቤቱን ልጅ መርካቶ ጨርቅ ሲሸጥ አገኘነው። በጠቅላላው ሰባት ወር ፈጀ።

አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንዱ ወደ ቦታው ተመለሰ። 

ሽሮሜዳ ያሳየነው ቅዳሜ ማታ ነው፣ የወጣቶች አዳራሽ ውስጥ። ወንበር አልበቃም። ልጅየው ዛሬ የራሱ ሱቅ አለው፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ መጣ። የገጣሚው ልጅ ከጎፋ መጣች፣ ከአባትየው አጠገብ አስቀመጥናት። አባትየው አርጅተዋል፣ ጆሯቸውም ደክሟል። ዘፈኑ ሲጀምር አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ወደ እኔ ዞረው በእጃቸው ጠሩኝ። በርከክ ብዬ ቀረብኩ።

«ድምፁን ጨምሩት» አሉኝ።

ጨመርነው።